ቤጊማይ የማን ናት

ሳይካል የገዛ ልጇን ወደ ቤቷ ለመውሰድ የቀራት በኢሲክ ኩል ሐይቅ ዳር የሚያሳልፉት የዕረፍት ሳምንት ብቻ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ አማቷ ቡሩል በታክሲ ወደ ኮችኮር ትመለሳለች፤ የዘጠኝ ዓመቷ ቤጊማይ ግን ከአባቷ፣ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ቢሽኬክ ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ተመዝግባለች። አልጋም ተገዝቶላታል። ሳይካል የሚነጠፍበትን አንሶላ ደጋግማ ቀይራዋለች፤ የመጀመሪያው የሕፃን መሰላት፣ ቀጥሎ የገዛችው የሆስፒታል።

ነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። የበኩር ልጅ የአያቶቹ ነው። ሳይካል ስትወልድ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ቡሩል ሕፃኗን እትብቷ ሳይደርቅ ወደ ራሷ መኝታ ወሰደቻት፣ እንደ ልጇም አሳደገቻት። ቤጊማይ አያቷን "አፓ"፣ እናቴ ስትል አደገች። አባቷን ኤርመክን "ባይኬ" ትለዋለች፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። የወለደቻትን ሳይካልን ደግሞ "ጄንጌ" ትላታለች፣ የወንድሜ ሚስት። ማን እንደወለዳት የደበቃት የለም። ስታውቀው አድጋለች፣ የጎረቤትን ስም የምታውቀውን ያህል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃኗ ሌሊት ስታለቅስ ሳይካል ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ከአልጋዋ ትነሳ ነበር። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የቡሩል ድምፅ ይመጣል።

"ተቀመጪ! ልጅቷ እናት አላት።"

ክፋት አልነበረበትም። በሩን ዝጊ እንደማለት ያለ ነገር ነው። ሳይካል ትቀመጣለች። ከጊዜ በኋላ ያለ ማንም ትእዛዝ መቀመጥ ለመደች። በዓመቱ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትጨርስ ወደ ኖቮሲቢርስክ ስትሄድ፣ ባቡሩ ከጣቢያው ሲነሳ ቀለል ብሏት ነበር። ይህን ለባሏም ቢሆን ነግራው አታውቅም።

ተመልሳ አዛትን ስትወልድ ማንም ከእቅፏ አልወሰደውም፤ ሁለተኛ ልጅ የወላጆቹ ነውና። እሱን ስታጠባ ነው የፊተኛዋ መወሰድ ያመማት። ባለፈው ክረምት የቡሩል ባል አረፉ፣ የእሷም ጉልበት እንቢ አለ። አንድ ቀን አሮጊቷ ራሷ ስልክ ደወለች። "ልጅቷን ውሰዱ" አለች። "እኔ እንግዲህ ከብት ማገድ እንጂ ሒሳብ ማስጠናት አልችልም። ግን እንደ ዕቃ አትጫንም። መጀመሪያ ትልመዳችሁ።" የሐይቁ ዕረፍት የታሰበው ለዚህ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ኤርመክ ከእናቱ ጋር አሸዋው ላይ ሐብሐብ እየቆረጠ ቀረ። የተራራ ልጅ ነው፤ ውሃ ከጉልበቱ ሲያልፍ ፈሪ ይሆናል፣ አያፍርበትምም። ሳይካል በእግር የሚዘወር ትንሽ ጀልባ ተከራይታ ሁለቱን ልጆች ይዛ ገባች።

"ጄንጌ፣ እኔም ልዘውር?" አለች ቤጊማይ። "ካልደከሙ ማለቴ ነው። ከደከሙ።"

"ዘውሪ እንጂ! ለመዘወርም ፈቃድ ይጠየቃል?"

"እግሯ አይደርስም!" አለ አዛት።

"ያንተ ምላስ ግን ሁሉም ቦታ ይደርሳል" አለች ቤጊማይ፣ ቀና ብላም ሳታየው።

ሳይካል ከት ብላ ሳቀች። ቢሽኬክም እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ብላ አሰበች። በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ሲነካከሱ እሷ ዳቦ እየቀባች ዝም በሉ ትላቸዋለች።

ከሐይቁ ምዕራብ ጫፍ፣ ከገደሉ በኩል የሚነሳ ነፋስ አለ። የዳሩ ሰዎች ኡላን ይሉታል። ከመምጣቱ በፊት ውሃውን በሩቁ ያጠቁረዋል፤ የሚያውቅ ሰው ጥቁሩን መስመር ሲያይ ወደ ዳር ይሮጣል። ሳይካል መስመሩን አይታዋለች። የደመና ጥላ መስሏት አለፈችው። ማዕበሉ ሲደርስ አዛት ፈርቶ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ ጀልባውም በጎኑ ተጋደመና ተገለበጠ።

ሳይካል ከውሃው በላይ ብቅ ስትል ቤጊማይ በስተግራዋ ነበረች፤ ክንዷን ብትዘረጋ ትነካታለች። የለበሰችው ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሰፍቷት ወደ ላይ ተስቦ አገጯን ሸፍኖታል። አልጮኸችም። ዓይኗ ሳይካል ላይ ነበር። አዛት ራቅ ብሎ "ማማ! ማማ!" እያለ ውሃውን ይደበድባል። እሱም ሰደርያ ለብሷል።

ሳይካል በቤጊማይ አጠገብ አልፋ ወደ አዛት ዋኘች።

ልጁን በአንገትጌው ይዛ ዳር ደርሳ፣ አሸዋው ላይ ጥላው ወዲያው ዞረች። የተገለበጠው ጀልባ የነበረበት ቦታ አልነበረም። ነፋሱ ገፍቶት እየራቀ ነው፤ ከጎኑ የተንጠለጠለችው ብርቱካናማ ነጥብም አብራው ትሄዳለች። ሳይካል መልሳ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ማዕበሉ ግን አንስቶ ዳር ላይ ፈጠፈጣት። እንደገና ገባች፣ እንደገና ጣላት። ኤርመክ በዳሩ እየሮጠ "ጀልባ! ሞተር ያለው ሰው! ኧረ ሰው የለም ወይ!" ይላል። ቡሩል በዚያ ጉልበቷ፣ ከነረጅም ቀሚሷ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ዋና አትችልም። ማዕበሉ ሲመታት ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ አንድ እርምጃ ጨምራ ትገባለች። ኤርመክ ሊያወጣት ቢጎትታት በጥፊ አለችው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ከወዲያኛው መንደር በሞተር ጀልባ ወጥቶ ቤጊማይን አመጣት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓሣ ዓሣ በሚሸት ካፖርት ጠቅልሏታል። አቅፏት ወደ አሸዋው ወረደና የተሰበሰበውን ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ።

"ይቺ የማን ናት?" አለ።

ሳይካል አፏን ከፈተች።

"የእኔ ናት!" አለች ቡሩል ከውሃው ውስጥ እየወጣች። "የእኔ ናት፣ ስጠኝ!"

ሰውየው ሰጣት።

አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በእንግዳ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ራት ቀረበ። ኤርመክ ሁሉም ነገር በቀልድ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር። "ከእንግዲህ የሐይቅ ሥዕል እንኳ ቤቴ አይሰቀልም" አለ። "ሻይ ራሱ በትንሽ ኩባያ ነው የምጠጣው።" አዛት በበኩሉ ታሪኩን ለማረፊያው ባለቤት፣ ለድመቷና ለመጣው ሰው ሁሉ ይተርካል፤ ማማ እንደ ዓሣ ዋኝታ እንዴት እንዳዳነችው። "ቀጥ ብላ ወደ እኔ! ፍጥጥ ብላ!" ይላል፣ በክንዱ አየሩን እየቀዘፈ። ባለቤትየዋ "ጎበዝ እናት" ብላ የሳይካልን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ቡሩል ዳቦዋን ትቆርሳለች እንጂ አትበላም።

ሻይ የቀዳችው ቤጊማይ ናት። ለአፓ ቀዳች፣ ለባይኬ ቀዳች። ለሳይካል ስትደርስ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠቻት።

"ይጠጡ፣ ጄንጌ። ብርድ መትቶዎታል።"

ለሩቅ እንግዳ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ሳይካል ተቀበለች።

በማግስቱ ጠዋት ቡሩል የልጅቷን ድንጋጤ በቀለጠ እርሳስ ላወጣ ነው አለች። ከዓሣ አጥማጁ የመረብ ማስጠሚያ እርሳሶች ለምና አምጥታ፣ በአሮጌ ጭልፋ ላይ አድርጋ በምድጃው አቀለጠቻቸው። ቤጊማይን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በነጠላ ጨርቅ ሸፈነቻት። ከልጅቷ ራስ በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ኤርመክ ሊይዝ ተነሳ።

"አንተ ተቀመጥ" አለች ቡሩል። "ሳህኑን የወለደቻት ትያዝ።"

በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ቃል በግልጽ ሲነገር ሳይካል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ሄዳ ሳህኑን ያዘች። ከጨርቁ ሥር የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማታል። ቡሩል ጸሎቷን እያነበነበች የቀለጠውን እርሳስ ስታፈስ ውሃው ጮኸ፣ ሳህኑም ዘለለ፤ የሳይካል እጅ ተቃጠለ፣ ግን አልለቀቀችም። ቤጊማይ አልተንቀሳቀሰችም።

ቡሩል የረጋውን እርሳስ አውጥታ አገላበጠችው። ልጅን ያስደነገጠ ነገር ቅርጹ ላይ ይታያል ይባላል፤ ውሻ ከሆነ ውሻ፣ ፈረስ ከሆነ ፈረስ።

"ድንች ነው" አለ ኤርመክ።

"ጆሮ ያለው ድንች!" አለ አዛት።

ከጨርቁ ሥር ሳቅ ወጣ። ከሐይቁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቡሩል ግን እርሳሱን ወደ ብርሃኑ ይዛ ብዙ አየችው። "ውሃ አይደለም" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ ያህል። "ልጅቷን ያስደነገጣት ውሃው አይደለም።" ከዚያም እርሳሱን መንገድ ማዶ ወስዳ ልትጥለው እያነከሰች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሳይካል የታጠበ ልብስ ስታሰጣ ቤጊማይ መቆንጠጫ እያቀበለች ታግዛት ነበር። አፕሪኮቱ በስሎ ከዛፉ ሥር ተረግፏል። ሳይካል ቃሉን በልቧ ስታዘጋጀው አድራለች፤ ሲወጣ ግን እንዳዘጋጀችው አልሆነም።

"ቤጊማይ። ውሃው ውስጥ። ለምን አልጠራሽኝም?"

ልጅቷ መቆንጠጫውን ከፍታ ዘጋችው።

"እርስዎ የአዛት ነዎት ብዬ።"

"ያንቺም ነኝ እኮ።"

"እሺ" አለች ቤጊማይ። አስተማሪ ሲናገር የሚባለው ዓይነት እሺ ነበር። ጥቂት ቆይታ፣ ያስቀየመቻት መስሏት ይሆናል፣ ጨመረች። "እኔ አልተቀየምኩም፣ ጄንጌ። አዛት ትንሽ ነው። አፓ ዋና አትችልም እንጂ ብትችል ትመጣልኝ ነበር።"

ሳይካል እርጥቡን ፎጣ ይዛ ቆመች። ልጅቷን ልታቅፋት ፈለገች። ግን እንዴት እንደሚጀመር አላወቀችውም፤ ከየት በኩል እንደምትያዝ፣ በትከሻዋ ይሁን በራሷ። አዛት ሲሆን ያለ ሐሳብ ያዝ ማድረግ ነው። እሷ ስታመነታ ቤጊማይ ሌላ መቆንጠጫ አቀበለቻት።

በዚያው ቀን ቡሩልን ማረፊያው ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻት። አሮጊቷ ጉልበቷን ቅባት እያሸች ነበር።

"ከእኔ ጋር ትመለስ" አለች ቡሩል፣ ሳትጠየቅ።

"አፓ፣ ተስማምተን ነበር።"

"ተስማምተን ነበር። አልካድኩም። አልከለክልሽምም፤ ልጅሽ ናት። እወስዳለሁ ካልሽ ልብሷን አጣጥፌ የምሰጥሽ እኔ ነኝ።" ማሸቷን አቆመች። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስታልፊያት አይተሻታል? ወይስ ውሃው ጋረደሽ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ማዕበሉ ትልቅ ነበር፣ ማንም ያምናታል። ኤርመክማ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው ብሎ ራሱ መክሯታል።

"አይቻታለሁ" አለች ሳይካል።

"እንግዲያው እሷም አይታሻለች።"

ሳይካል ፊቷ ጋለ። ለአማት ድምፅ ከፍ ተደርጎ አይነገርም፤ እሷም አድርጋው አታውቅም። አሁን ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጣ። "ተቀመጪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት! ስታለቅስ በተነሳሁ ቁጥር፣ ተቀመጪ! ጡቴ እስኪደርቅ ድረስ ተቀመጥኩ። ውሃው ውስጥ ዝም ብላ ስታየኝ..." ቃሉ አለቀባት። "የምትፈልገው እኔን አልመሰለኝም። እግዜር ያውቃል፣ አፓ፣ እሷን የምታነሳ ሌላ ሰው ያለ መሰለኝ።"

ቡሩል የቅባቱን ቆርቆሮ ክዳን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ገጠመችው።

"አዎ" አለች። "ብያለሁ። አንቺም ጎበዝ ነሽ፣ በደንብ ተቀመጥሽ።"

ስድብ ይሁን ይቅርታ፣ ሳይካል ሊገባት አልቻለም። አሮጊቷ የሳይካልን ክንድ ይዛ ተነሳች፣ ወደ ቤት እስኪገቡም አልለቀቀቻትም።

ኤርመክ ይህን ሁሉ ሲሰማ ተቆጣ። "ሁላችሁም አብዳችኋል" አለ። "ማንም አልሞተም። ማንም! ልጃችን ናት፣ መኪናችን ውስጥ ትገባለች፣ አለቀ። ስትለምድ ትረሳዋለች።" ያን ዕለት ሳይካል ለክርክሩ አቅም አልነበራትም፤ ደግሞም በልቧ ትክክል እንዲሆን ተመኘች። ልጆች ይረሳሉ። እሷስ ከግድግዳው ወዲያ የነበረውን ድምፅ እስከ ሐይቁ ድረስ ረስታው አልነበር?

የዕረፍቱ መጨረሻ ደረሰና ተነሱ። እስከ ባሊክቺ አንድ ላይ ሄዱ። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቢሽኬክ፣ አንዱ ወደ ኮችኮር። የታክሲ ሾፌሮቹ "ኮችኮር! ናሪን! ሁለት ሰው ቀረ፣ ሁለት ሰው!" እያሉ የደረቀ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች ጋር ይጯጯሃሉ። ኤርመክ የእናቱን ሻንጣ አወረደ። ቡሩል የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ጎንበስ አለች፣ የቤጊማይን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ፀጉሯን ረጅም አሸተተችው።

"ጠቦቴ፣ እናትሽን ስሚያት" አለቻት።

"እሺ፣ አፓ።"

"አጉል ምላስሽን ደግሞ እዚህ ትተሽው ሂጂ፣ ለሾፌሮቹ ይጠቅማቸዋል።"

"እሺ፣ አፓ።"

ቡሩል ቀና ብላ ወደ ታክሲው ሄደች፣ ወደ ኋላም አላየችም። ሳይካል ከፊት ወንበር ዞራ ልጅቷን አየቻት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። አልለመነችም። አገጯን ወደ ደረቷ አስገብታ ዓይኗን ሳይካል ላይ ብቻ ተክላለች። ሳይካል ይህን ፊት ታውቀዋለች።

ኤርመክ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

"አጥፋው" አለች።

"ምን?"

ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች። "ነይ ውረጂ" አለቻት ቤጊማይን። "ከአፓ ጋር ሂጂ።"

ልጅቷ አላመነችም። መጀመሪያ ሳይካልን፣ ቀጥሎ ባይኬን አየች።

"ሳይካል!" አለ ኤርመክ። ድምፁ አልጮኸም፤ ከጩኸት የባሰ ነበር። "ዳግመኛ ልታልፊያት ነው? አሁን ደግሞ በየብስ?"

የልጅቷን ቦርሳ ከዕቃ መጫኛው አወጣች። የኮችኮሩ ሾፌር ከወዲያ "ሰው አለ የለም? ድንች አይደለም እኮ የጫንኩት፣ በሙቀት የሚበላሹ ሰዎች ናቸው!" ይላል።

ቤጊማይ ስትወርድ ከችኮላዋ የተነሳ ራሷን በበሩ መታች፤ አልተሰማትም። ሮጠች። ቡሩል ከታክሲው መስኮት አይታት አፏን በሻርፗ ያዘች። ልጅቷ ግን በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት መሰለ። ተመልሳ መጣች፣ ሳይካል ፊት ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"አመሰግናለሁ፣ ጄንጌ" አለች።

"ለአዲስ ዓመት እንመጣለን" አለች ሳይካል። "እኔ... ብቻዬንም ቢሆን እመጣለሁ። ባትፈልጊም እመጣለሁ።"

"ይምጡ" አለች ቤጊማይ። ትንሽ አሰበችና ጨመረች። "ያኔ በረዶው ኃይለኛ ነው። የሚሞቅ ጫማ ያድርጉ።" ከዚያ ሄደች። ታክሲው ውስጥ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው የአያቷን የታመመ እግር አንስታ ቦርሳው ላይ ማሳረፍ ነበር።

ወደ ቢሽኬክ የሚወስደው የገደል መንገድ ውስጥ ገቡ። ኤርመክ መሪውን አጥብቆ ይዟል። ሳይካል ወንዙን እያየች ያደረገችውን አገላበጠችው። ለልጅቷ ብላ ከሆነ ልቧ ለምን አያርፍም? ልቧ ካላረፈ ደግሞ፣ ያ ከግድግዳው ወዲያ የተማረችው መቀመጥ ነው ማለት ነው፤ አሁንም ታዛ ተቀመጠች ማለት ነው። አንዱን ስትይዝ ሌላው እውነት ይመስላታል። የሚፈርድላት ሰው አልነበረም። ኤርመክ ፈርዶባታል፣ ቡሩል ዝም ብላለች፣ ልጅቷ አመስግናለች።

"ለሰው ምን እንላለን?" አለ ኤርመክ ከብዙ መንገድ በኋላ። "ለትምህርት ቤቱ። ለጎረቤት።"

"አያቷ ታመዋል እንበል።"

"እሱም ውሸት አይደል።"

"አይደለም" አለች ሳይካል። "ጉልበታቸውን ያማቸዋል።"

አዛት "ቤጊማይ መቼ ነው የምትመጣው?" ብሎ ጠየቀ። በኋላ ሳይካል ዞር ብላ ስታየው፣ ሰፊውን ወንበር ብቻውን አግኝቶ እግሩን ዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።